«ጠጋ በል» በእንግሊዝኛ

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ከአገር ቤት በቅርብ ለመጡ ሰዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አዲስ ክፍል ስጀምር የመጀመሪያው ትምህርት ግን አማርኛ ነው። ሰሌዳው ላይ «አለ» ብዬ እጽፍና ትርጉሙን እጠይቃለሁ። «ተናገረ» ይሉኛል። («ለ»ን አጥብቆ የሚያነብ አንድ ሰው አይጠፋም፤ እሱ ሌላ ቃል ነው፣ ይቆየን እላለሁ።) ቀጥዬ «ቁጭ አለ» እጽፋለሁ። ታዲያ ሰውየው ምን ተናገረ? ሳቅ ይጀመራል። ብድግ አለ፣ ጋደም አለ፣ ቀና አለ፣ ጎንበስ አለ። ማንም ምንም አልተናገረም። «ዝም አለ» ላይ ስንደርስማ ነገሩ ይብሳል፤ ትንፍሽ ያላለውን ሰው «አለ» እያልነው ነው።

አሁን አማርኛ የሚማር አንድ ፈረንጅ አስቡ እላቸዋለሁ። መዝገበ ቃላቱን ይዞ ከመገናኛ ፒያሳ በሚኒባስ ይሳፈራል። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል። ሰውየው «በሉ» የሚለውን አውቆታል፤ ምግብ ፈልጎ ዙሪያውን ያያል። ትንሽ የተሻለ ተማሪ ከሆነ ደግሞ «ተናገሩ» ተባልን ብሎ ያስባል። ጎኑ ያሉት እናት ግን ፊደል ሳይቆጥሩ ገብቷቸው ተጠግተዋል። ቀስ በል፣ ረጋ በል፣ ዞር በል፣ ገለል በል፣ ቆየት በል፤ የዕለት ተዕለት ኑሯችን ግማሹ የሚሄደው በእነዚህ ነው። መጽሐፍ አላስተማረንም፤ ከእናታችን ጓዳ የሰማናቸው ናቸው።

እንግሊዞችም እንዲህ ያለ ጓዳ አላቸው። የትምህርት ቤት መጻሕፍት «ፍሬዛል ቨርብ» ይሉታል፤ አጭር ግስ፣ ከኋላው ደግሞ አፕ፣ አውት፣ ኦፍ፣ ኦን፣ ዳውን፣ ኢን፣ ኦቨርን የመሰለ ትንሽ ቃል። እኔ ትንሿን ቃል «ተከታይ» እላታለሁ። ጊቭ «ሰጠ» ነው፤ ጊቭ አፕ ግን ተስፋ ቆረጠ። ሉክ «አየ» ነው፤ ሉክ አፍተር ተንከባከበ፣ ሉክ ፎር ፈለገ፣ ሉክ ኢንቱ መረመረ። ግሱን አውቆ ሙሉውን መገመት ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ «አለ»ን ያወቀ ሁሉ «ቁጭ አለ»ን እንደማያውቀው ነው።

ይህ ነገር የሚከብደው ላልተማረ ሰው ይመስላል። እኔ የማየው የተገላቢጦሹን ነው። አገር ቤት ትምህርት የዘለቀው ሰው እንግሊዝኛን የተቀበለው ከላይኛው ፎቅ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ፣ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ከሰባተኛ ጀምሮ፣ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ስለ ፎቶሲንተሲስ አንድ ገጽ ጽፈን እናስረክባለን። ቶለሬት፣ ኢንቬስቲጌት፣ ፖስትፖን፣ ኤሊሚኔት የሚሉትን ቃላት እንደ ዳዊት እንደግማለን። ያንኑ ነገር ጎረቤት ለጎረቤት ሲነጋገርበት ግን ፑት አፕ ዊዝ፣ ሉክ ኢንቱ፣ ፑት ኦፍ፣ ጌት ሪድ ኦፍ ነው። ደሴ አስተማሪ ሳለሁ እነዚህን ከመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ባለች ሠንጠረዥ ነበር የምናልፋቸው፤ ፈተና ላይ ባዶ ቦታ ሙሉ ተብሎ አንድ ሁለት ጥያቄ ይመጣባቸዋል፣ በቃ።

እዚህ አገር ከመጡ ወገኖቻችን ብዙዎቹ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራሉ፤ እኔም ለዓመታት የሌሊት ፈረቃ ሠርቻለሁ። ሥራው «ሲኤንኤ» ይባላል፣ የነርስ ረዳትነት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ ክፍለ ግዛቶች ከዚያ በላይ የሚሉ አሉ። በሥልጠናው መጽሐፍ ውስጥ መራመድ «አምቡሌት» ነው፣ መሽናት «ቮይድ» ነው፣ ትውከት «ኢሚሲስ» ነው። አገር ቤት ነርስ የነበሩ ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል፤ የሚያውቁት እንግሊዝኛ ነዋ። የሰማንያ ዓመቷ አሮጊት ግን አልጋቸው ላይ ሆነው «ኢሚሲስ ሊመጣብኝ ነው» አይሉም። «ትሮው አፕ ላደርግ ነው» ነው የሚሉት። ትሮው «ወረወረ» ነው፣ አፕ «ወደ ላይ»። አንዲት ተማሪዬ ይህን የሰማች ለት አሮጊቷ የሚወረውሩት ምን እንደሆነ ለማየት እጃቸውን ተመለከተች። ሳህኑን ያቀረበችው አንሶላው ከተበላሸ በኋላ ነው። ይቺ ልጅ ስለ ጨጓራ አሲድ በእንግሊዝኛ ፈተና ተቀምጣ ከክፍሏ አንደኛ የወጣች ናት።

ሁለት ፎቅ ያለው ቋንቋ እንዴት ተሠራ? ታሪኩን የማወራው ለዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ተማሪ ምክንያቱን ሲያውቅ ንዴቱ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እንግሊዝን ወረረ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ፣ የቤተ ክህነቱና የምሁሩ ደግሞ ላቲን ሆነ። በ1362 ፍርድ ቤት ውስጥ ክርክር በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ሕግ ወጣ፤ ሕጉ ራሱ የተጻፈው ግን በፈረንሳይኛ ነበር። ገበሬውና አንጥረኛው ይህ ሁሉ ሲሆን የአባቶቻቸውን ቋንቋ ሲናገሩ ኖሩ። እኛ ቅዳሴውን በግዕዝ ሰምተን ቡናውን በአማርኛ እንደምንጠጣ ማለት ነው። ስለዚህ ለአንድ ነገር ሁለት ቃል ቀረ፤ አንዱ የወረቀት፣ አንዱ የአፍ። ኤክስቲንጉዊሽ የእሳት ማጥፊያው ላይ ተጽፏል፤ ጭስ ያየ ሰው ግን ፑት ኢት አውት ብሎ ነው የሚጮኸው።

የጥንቱ እንግሊዝኛ እነዚህን ትንንሽ ቃላት በአመዛኙ ከግሱ ፊት ይለጥፋቸው ነበር። ቀስ በቀስ ግን ወደ ኋላ ተሻገሩ። ፒተርበረ በተባለ ገዳም መነኮሳት የጻፉት፣ በ1154 የሚያበቃ ዜና መዋዕል አለ። እዚያ ላይ ንጉሥ እስጢፋኖስ ጳጳሳቱን ግንቦቻቸውን እስኪያስረክቡ ድረስ እንዳሰራቸው ይነበባል፤ «እስኪያስረክቡ» ለሚለው የገባው ቃል የዛሬው ጊቭ አፕ ነው፣ በጊዜው አጻጻፍ። የስምንት መቶ ሰባ ዓመት ዕድሜ ያለውን ነገር ነው እንግዲህ አንዳንድ ሰው «የመንገድ እንግሊዝኛ» ብሎ የሚንቀው። ይህን ንቀት ከራሳችን አስተማሪዎች ብዙ ሰምቻለሁ፤ ፈጽሞ አልስማማም።

ችግሩን ቀድመው ያዩት ራሳቸው እንግሊዞች ናቸው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ የውጭ ሰውን ከሁሉ የበለጠ የሚያስቸግረው ይህ ግስንና ትንሽ ቃልን የማጣመር ልማድ መሆኑን ጽፏል። «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለው ስያሜ ግን በሰፊው የታወቀው ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ በ1925 ባወጣው መጽሐፍ ነው፤ ስያሜውን የሰጠኝ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሄንሪ ብራድሊ ነው ብሏል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የቻርልስ ኬይ ኦግደን ነገር ነው። ይህ ሰው በ1930 «ቤዚክ ኢንግሊሽ» የሚል ነገር አወጣ፤ ዓለም ሁሉ በቀላሉ እንዲማረው 850 ቃላት ብቻ ያሉት እንግሊዝኛ። ከ850ው ውስጥ ግሶቹ 18 ብቻ ናቸው። ቸርችል ሳይቀር በ1943 ሃርቫርድ ላይ ባደረገው ንግግር አሞግሶታል። ታዲያ በ18 ግስ እንዴት ይኖራል? መልሱ ተከታዮቹ ውስጥ ነው፤ ጌት፣ ፑት፣ ቴክ፣ ጎ፣ ካም ይያዝና አፕ፣ አውት፣ ኦፍ ይጨመርበታል። ፑት አፕ ዊዝ ሦስቱም ቃላት ዝርዝሩ ውስጥ ስላሉ እንደ አዲስ ቃል አይቆጠርም። ተማሪው ግን ሦስቱን ለየብቻ ቢያውቃቸው «ታገሠ» የሚለው ትርጉም አይወጣለትም። ቃላቱ አነሱ፣ ሸክሙ ያው ነው። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች በበኩላቸው ራን ለሚለው ግስ ብቻ 645 ትርጉም ለይተዋል። ማንም አይሸምድደውም፤ እንግሊዙም አልሸመደደውም።

እና ምን ይሻላል? እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁበት ነገር ግሱን ሳይሆን ተከታይዋን ማዳመጥ ነው። የሱቅ መጻሕፍት በጌት ሥር ሠላሳ፣ በቴክ ሥር ሃያ ይደረድራሉ፤ ተማሪው ሠላሳውን አንብቦ ሲጨርስ ሁሉም ይምታታበታል። ከተከታይዋ በኩል ሲታይ ግን መልክ ይወጣዋል።

አፕን እንውሰድ። «ወደ ላይ» ብለን ተምረናታል፤ ስታንድ አፕ እና ጌት አፕ ላይ እውነት ነው። ነገር ግን ኢት አፕ፣ ድሪንክ አፕ፣ ዩዝ አፕ፣ ፊል አፕ፣ ክሊን አፕ ሲባል ወደ ላይ የሚሄድ ነገር የለም። እዚያ ላይ አፕ የምትለው «አንድም ሳይቀር» ነው። አማርኛችን ይህን አሳምሮ ይለዋል፤ ጠላውን ጭልጥ አደረገው፣ እንጀራውን ጥርግ አድርጎ በላው፣ ቤቱን ጥርግርግ አድርጋ አጸዳችው። ጠጣ እና ጭልጥ አደረገ መካከል ያለው ልዩነት ድሪንክ እና ድሪንክ አፕ መካከል ያለው ነው። ይህን ካልኩ በኋላ አንድ ዕድሜያቸው የገፋ ተማሪዬ፣ ልጃቸው ያስመጣቻቸው እናት፣ «ውይ መምህርት፣ ታዲያ እንዲህ ነው አትይንም ነበር?» አሉኝ። እሳቸው ዛሬ ፊኒሽ አፕ፣ ዋሽ አፕ፣ ራፕ አፕ ሲሰሙ አይደነግጡም፤ ግሱን ባያውቁት እንኳ ነገሩ እስከ መጨረሻው መሆኑ ይገባቸዋል።

አውት ሁለት መንገድ አላት። አንደኛው ማለቅ ነው፤ ወተት ራን አውት አደረግን ማለት ወተት አለቀብን ነው፣ ቲኬቱ ሶልድ አውት ሆነ ተሸጦ አለቀ ነው። ሁለተኛው ከተደበቀበት መውጣት ነው፤ ፋይንድ አውት ደረሰበት፣ ፊገር አውት አስቦ አወቀው። ዳውን ነገር መቀነስ ትወዳለች፤ ስሎው ዳውን ቀስ በል፣ ካም ዳውን ረጋ በል፣ ተርን ዳውን ድምፁን ቀንስ። ማሽን ላይ ስትመጣ ደግሞ ሥራ ታቆማለች፤ መኪናው ብሬክ ዳውን አደረገ፣ ተበላሸ። ኦፍ መለየት ናት፤ ጫማውን ቴክ ኦፍ አወለቀ፣ ከአውቶቡስ ጌት ኦፍ ወረደ፣ ከሥራ ሌይ ኦፍ ተደረገ። ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉ፤ ሌይ ኦፍ የተደረገ ሰው ያጠፋው ነገር የለም፣ ሥራው ነው የጠፋው፤ ፋየርድ ከተባለ ግን በጥፋቱ ነው የተባረረው። የሥራ አጥ ድጎማ ቅጽ ላይ አንዱን በሌላው መተካት ገንዘብ ያስከፍላል።

መልክ አለው ስል ሁልጊዜ ይታመናል ማለቴ አይደለም። መብራቱ ዌንት ኦፍ ሲባል ድርግም አለ፣ ጠፋ። የማንቂያ ደወሉ ዌንት ኦፍ ሲባል ግን ጮኸ! በአንድ ቃል አንዱ ጠፋ፣ አንዱ ጀመረ። ቤት በርን ዳውን ያደርጋል፣ ወረቀት በርን አፕ ያደርጋል፣ ሁለቱም ዐመድ ናቸው። ቅጽ መሙላት እዚህ ፊል አውት ነው፣ ለንደን ያሉ ዘመዶቻችን ፊል ኢን ይሉታል። ለምን የሚል ተማሪ ሲመጣብኝ «ለምን ‹ጋደም አለ› እንላለን፣ ‹ጋደም ሠራ› አንልም?» ብዬ እመልስለታለሁ። ጥሩ መልስ አይደለም፤ ግን ወደ ሥራ ይመልሰናል።

ስለ ቃላቱ ቅደም ተከተል አንድ ነገር ብቻ። መብራቱን አጥፋ ለማለት ተርን ኦፍ ዘ ላይት ወይም ተርን ዘ ላይት ኦፍ፣ ሁለቱም ያስኬዳል። «መብራቱ»ን በ«ኢት» ስንተካው ግን መሃል ላይ ካልገባ አይሆንም፤ ተርን ኢት ኦፍ። ተርን ኦፍ ኢት የሚል እንግሊዝኛ የለም። ሉክ አፍተር ደግሞ አይከፈትም፤ ተንከባከባት ማለት ሉክ አፍተር ኸር ነው። የትኛው ይከፈታል፣ የትኛው አይከፈትም? በጆሮ ይለያል። ኦፍ በተርን ኢት ኦፍ ውስጥ ጎልታ ትሰማለች፤ አፍተር ግን በሉክ ጥላ ሥር ሆና ታልፋለች። ጎልታ የምትሰማው ተከታይ ብዙውን ጊዜ ከግሱ ተላቃ መሄድ የምትችለው ናት።

ጆሮ ካልሁ ዘንድ፣ ተማሪዎቼ በብዛት የሚያማርሩት ትርጉሙን ሳይሆን ፍጥነቱን ነው። «እትዬ፣ ሲጻፍ አውቀዋለሁ፣ ሲናገሩት ግን ሌላ ቋንቋ ነው» ይሉኛል። ልክ ናቸው። አሜሪካኖች በሁለት አናባቢ መካከል የገባችን «ት» ፈጥነው «ር» ያስመስሏታል፣ ቃላቱንም አንድ ላይ ያጋጥሟቸዋል። ጌት አፕ ጌራፕ ይሆናል። ፑት ኢት ኦን ፑሪሮን ነው። ቼክ ኢት አውት ቼኪራውት፣ ፒክ ኢት አፕ ፒኪራፕ። እዚህ ላይ ፊደላችን ባለውለታዬ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ቃሉ የት እንደሚጀምር የት እንደሚያልቅ ዓይን ያያል፣ ጆሮ ግን አይሰማውም። በእኛ ፊደል ተነባቢውና አናባቢው አንድ ቤት ውስጥ ስለሆኑ «ኪ» እና «ራ» ብዬ ስጽፍ የሚሰማውን ድምፅ ነው የምጽፈው። ሰሌዳው ላይ «ፒኪራፕ» ሳሰፍር አዳራሹ ውስጥ «አሃ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። እንግሊዝኛን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ነውር ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ለፊደል ቆጠራ ይሆናል፤ ለጆሮ ግን ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላየሁም።

ከተማሪዎቼ መካከል ፓርኪንግ የሚሠሩ አሉ፤ ዋሽንግተን ውስጥ የሐበሻ እጅ ያልገባበት የፓርኪንግ ሥራ ጥቂት ነው። እነሱ ቶሎ ይይዛሉ፤ ቃሉ ሲሳሳት መኪና ይጫራልና። ፑል ኢን ገባ በል፣ ፑል አፕ ትንሽ ወደ ፊት ጠጋ በል፣ ባክ አፕ ወደ ኋላ ሂድ። ባክ አፕ ውስጥ አፕ ምን ትሠራለች ብሎ መጨነቅ ጥቅም የለውም። ፑል ኦቨር ግን ከሁሉ በፊት ሊታወቅ ይገባል፤ ፖሊስ በድምፅ ማጉያ ይህን ካለ «ዳር ያዝ» ማለቱ ነው። ፑል «ጎተተ» መሆኑን ብቻ የሚያውቅ ሹፌር ምን እንደሚጎትት ሲያስብ መንዳቱን ከቀጠለ ሸሸ ተብሎ ይቆጠርበታል። ተሽከርካሪ ላይ መውጣትና መውረድንም እዚሁ እንጨርሰዋለን፤ ቆመህ ልትሄድበት የምትችለው አውቶቡስና ባቡር ጌት ኦን እና ጌት ኦፍ ነው፣ ጎንበስ ብለህ የምትገባበት መኪና ጌት ኢን እና ጌት አውት።

ስልክ ላይ ሃንግ ኦን «ቆይ፣ አትዝጋው» ነው፤ ሃንግ አፕ «ዝጋው» ነው። ሃንግ «ሰቀለ» ብቻ ሆኖ የተማረ ሰው የባንኩ ሠራተኛ ሃንግ ኦን ስትለው ስልኩን ጠርቅሞ እንደገና ሰልፍ ይይዛል። ሥራ ቦታ ላይ ሾው አፕ ተገኘ፣ ኮል አውት ደውሎ አልመጣም አለ፣ ክሎክ ኢን ሰዓት መዘገበ፣ ፊል ኢን ፎር በሰው ፋንታ ፈረቃ ሸፈነ። እነዚህን ያላወቀ ሰው ተቆጣጣሪው የሚለውን በግምት ነው የሚረዳው።

ከሁሉ የከበደውን ልንገራችሁ። ፓስ አውት ራሱን ሳተ ማለት ነው። ፓስ አዌይ ሞተ ማለት ነው፤ «አረፈ» እንደምንለው በአክብሮት የሚባል። አንዲት ልጅ፣ ሌሊት ላይ የምትንከባከባቸው ሽማግሌ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቁባት። እስትንፋሳቸው አለ፣ ግን አይመልሱም። ለተረኛዋ ነርስ ደውላ ፓስድ አዌይ አለቻት። ነርሷ ለድንገተኛ አገልግሎት ከመደወል ይልቅ ለቤተሰቡ የምትለውን ማሰብ ጀመረች። ደግነቱ «እየተነፈሱ ነው?» ብላ ጠየቀች፣ ልጅቷም «አዎ» አለች፣ አምቡላንስ ተጠራ፣ ሽማግሌውም ተረፉ። ልጅቷ ይህን ስትነግረኝ ታለቅስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሲኤንኤ የሚዘጋጁትን ስጀምር ትሮው አፕ፣ ፓስ አውት፣ ፓስ አዌይ፣ ፎል ዳውን፣ ካም ቱ፣ ካም ዳውን ዊዝ፣ ሌላው ሁሉ ሳይመጣ እነዚህን ነው። ካም ቱ ከሰመመን ነቃ ነው፤ ካም ዳውን ዊዝ ደግሞ ጉንፋንን የመሰለ በሽታ ሲይዝ ይባላል።

ከመደንገጥ በፊት የሚታወቅ ሌላ ነገርም አለ፤ እነዚህ ቃላት ሳናውቃቸው አገራችን ገብተዋል። ከኋላው ክፍት ጭነት ያለው ቶዮታ ፒክአፕ ነው። ካምፓስ የገባ ሁሉ ሃንድአውት ኮፒ ለማድረግ ተሰልፏል። ካፌ ምግቡን ቴክ አዌይ ይጠቀልልልናል፣ ሙሽራዋ ሜካፕ ትሠራለች፣ ቦሌ ላይ ቼክ ኢን እናደርጋለን፣ ቦክሰኛው ኖክአውት ይሸነፋል። ስም ሆነው ስለገቡ ግስነታቸውን ረሳነው እንጂ ፒክ አፕ አነሣ፣ ሃንድ አውት አደለ፣ ቴክ አዌይ ይዞ ሄደ ነው። የድምፁን ቦታ ብቻ ማስተካከል ይቀራል፤ ስም ሲሆን የመጀመሪያው ይጎላል፣ ግስ ሲሆን ተከታይዋ። ለአንድ ሰዓት ያህል ከአማርኛችን እንደዚህ ያሉትን ስንለቅም ሰሌዳው ይሞላል፣ ባዶ እጁን የመጣ የመሰለው ሰው ቀና ብሎ ይቀመጣል።

ደብተሩን በፊደል ተራ አታድርጉ እላለሁ። በቦታ አድርጉት፤ አንድ ገጽ ለወጥ ቤት፣ አንድ ለስልክ፣ አንድ ለመኪና፣ አንድ ለአለቃ፣ አንድ ለሐኪም ቤት። አዲስ ቃል ስትሰሙ ብቻውን አትጻፉት፤ ማን ለማን ምን ሲል እንደተናገረው አብራችሁ ጻፉ። በአማርኛ ስትተረጉሙት ደግሞ በአንድ ቃል ለማሰር አትድከሙ፤ እናታችሁ እዚያ ቦታ ላይ ብትሆን ምን ትል ነበር? ካም ዳውን ላይ «ረጋ በል» ብላ የጻፈችው «ስሜትህን ተቆጣጠር» ብላ ከጻፈችው ቀድማ ትናገረዋለች፤ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እኔ ካየሁት አብዛኛው ሰው ደብተሩን ይጀምረዋል፣ ሦስተኛ ገጽ ላይ ይተወዋል። እሱም ምንም አይደል፤ ያ ሦስት ገጽ የሥራ ቦታው ከሆነ ይበቃዋል።

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት፣ ቀን ሆቴል የሚሠራ፣ ማታ ኮሌጅ የሚማር፣ የክፍል ጓደኞቹ ፒዛ ልንበላ ነው ሲሉት አንደኛው አይም አፕ ፎር ኢት፣ ሌላኛው አይም ዳውን ፎር ኢት ማለታቸውን ይዞልኝ መጣ። «እትዬ፣ አንዱ ወደ ላይ ነው፣ አንዱ ወደ ታች ነው፤ የትኛው ነው የሚሄደው?» አለኝ። ሁለቱም ይሄዳሉ። ሁለቱም «አለሁበት» ማለታቸው ነው። ዳውን የሚሉት በብዛት ወጣቶቹ ናቸው፤ ከአለቃህ ጋር ከሆንክ አፕ በል አልኩት።